ስለ 4294967297 የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል ሂሳብ ለማጥናት ለሚመጡ ተማሪዎች ሰሌዳ ላይ የምጽፈው የምወደው ቁጥር አለ፦ 4294967297። 32 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንጨምር ይገኛል። ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ አለው? ተደጋግመው የሚሰጡኝ መልሶች እነዚህ ናቸው።

«ቲቸር፣ መጨረሻው 7 ነው፤ ለ3ም አይካፈልም፤ ስለዚህ ብቸኛ ነው።»

የአሃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ በእርግጥም ለ3 አይካፈልም። ለ2 እና ለ5ም እንዲሁ። ግን ያልተሞከሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ብቸኛ ቁጥሮች ገና አሉ።

«ፌርማን የመሰለ ሊቅ ብቸኛ ነው ካለ አለቀ።»

3 ላይ 1 ቀንሱ፤ የቀረውን በራሱ አባዝታችሁ 1 ጨምሩ፤ 5 ይሆናል። 5ን እንዲሁ ብታደርጉት 17፣ ከዚያም 257፣ ከዚያም 65537 ይመጣል። ቀጣዩ የእኛ ቁጥር ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አምስቱ ብቸኛ መሆናቸውን አይቶ ተከታዮቹም ሁሉ እንዲሁ ናቸው ብሎ አመነ፤ ማረጋገጫ ግን አላቀረበም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1732 ሌዎናርድ ኦይለር ቁጥሩ ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ። ድርሻው 6700417 ነው። ወረቀት አውጡና እዩት፦ 6700417 በ600 ሲባዛ 4020250200፣ በ40 ሲባዛ 268016680፣ በ1 ሲባዛ ራሱ ነው። ሦስቱን ደምሩ፤ የሰሌዳው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

«ያለ ኮምፒውተር 641ን ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው።»

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህኛው ነው፤ የዚህ ቁጥር ውበት ያለው እዚሁ ላይ ነውና። ኦይለር ኋላ ላይ በማረጋገጫ እንዳሳየው፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ በ7፣ በ11፣ በ13 መድከም አያስፈልግም። በ64 ብዜቶች ላይ 1 እየጨመርን ብቸኛ የሆኑትን ስንለቅም 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ይሰለፋሉ። በአራቱ ሲካፈል ቀሪ ይኖረዋል፤ በአምስተኛው ልክ ይመጣል። አምስት ማካፈል ብቻ! እርሳስና ትዕግሥት ያለው ተማሪ በአንድ የጥናት ሰዓት ይጨርሰዋል።

«ትልቅ ቁጥር ብዙ አካፋይ አለው።»

6700417 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ የእኛ ቁጥር አካፋዮች አራት ብቻ ናቸው። በ1 ብቻ የሚያንሰው ጎረቤቱ 4294967296 ግን 33 አሉት።

«ከ65537 በኋላ ሌላ ብቸኛ እንደሌለ ተረጋግጧል።»

አልተረጋገጠም። ከ65537 በላይ በዚህ ስልት ከሚገኙት ውስጥ እስካሁን ውጤታቸው የታወቀው ሁሉ ሌላ አካፋይ እንዳላቸው ታይቷል። ከዚህ ተነስቶ «በቃ፣ የለም» ማለት ግን ፌርማ የሄደበትን መንገድ በተቃራኒው መሄድ ነው። ቀሪዎቹን በሙሉ የሚያጠቃልል ማረጋገጫ እስካሁን ማንም አላቀረበም።