ስለ ፓንትና ጡት ማስያዣ ድሬ ላይ የሚወራውና እውነታው

ድሬ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ የውስጥ ልብስ ስትመርጡ የማይመክራችሁ ሰው የለም። ሻጩም፣ ጓደኛም፣ አላፊ አግዳሚውም። ከምክሩ ብዙው ግን አያስኬድም።

«ወገቡ ላይ ስሙ ካለ ኦርጂናል ነው።» ስሙማ ለፎርጅድ ሠሪ ቀላሉ ሥራ ነው። ስም ያለበትን ወገብ ዝነኛ ያደረገው አሜሪካዊው የልብስ ዲዛይነር ካልቪን ክላይን ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ከተማ፣ ታይምስ በሚባለው አደባባይ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ሰቀለ፤ ቶም ሂንትናውስ የተባለ የምርኩዝ ዝላይ ስፖርተኛ ነጭ ፓንት ብቻ ለብሶ። በዓመቱ ደግሞ የወንድ የሚመስል ፓንት ለሴቶች አወጣ። እናንተ ስሙን ተዉትና ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩ። ላስቲኩንም ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ ይቅርባችሁ።

«ወንድ ስለ ፓንት መጨነቅ የጀመረው አሁን ነው።» የአሁን ልጆች አይፈረድባቸው። ጆኪ የሚባለው አጭር ፓንት ቺካጎ ውስጥ ለገበያ የወጣው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም በበረዶ ውሽንፍር ቀን። በሦስት ወር 30,000 ተሸጠ።

«ለድሬ ሙቀት መቶ በመቶ ጥጥ ብቻ።» ግማሹ እውነት ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ቆዳም አያስቆጣም። ብቻውን ሲሆን ግን ቶሎ ይላላል። 5 በመቶ ያህል ላይክራ የሚባለው ተለጣጭ ክር ቢገባበት ቅርፁን ይይዛል። የሚያስቸግረው ሙሉ በሙሉ ናይለን የሆነው ነው፤ በተለይ በግንቦት ቀትር። ሴቶች ዳንቴል ከወደዳችሁም ከታች በኩል ጥጥ የተደረበበትን ፈልጉ።

«ጠባብ ፓንት ወንድን መካን ያደርጋል።» ይህቺ በርጫ ላይ ሳትነሳ አትቀርም። መነሻ አላት፤ የዘር ፍሬ ከቀረው ሰውነት ትንሽ ቀዝቀዝ ማለት ይፈልጋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የመካንነት ሕክምና ክሊኒክ ከመጡ ጥንዶች መካከል 656 ወንዶችን አጥንተው ነበር። ሰፊ ቦክሰር የሚያዘወትሩት ወንዶች በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ ያለው የዘር ሕዋስ ክምችት ከሌሎቹ በ25 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነገር ግን ጠባብ ከሚለብሱትም የአብዛኞቹ ልኬት ጤናማ የሚባለው ውስጥ ነበር። ስለዚህ መካን አያደርግም፤ ልጅ የሚፈልግ ሰው ግን ሰፋ ያለ ቢለብስ አይጎዳም። ማታ ማታ ሽርጥ የሚያገለድም የድሬ ሰው እንግዲህ ምን ቸገረው።

«ጡት ማስያዣ፣ በተለይ ሽቦ ያለው፣ ካንሰር ያመጣል።» አያመጣም። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲያትል ውስጥ ከ1,500 በላይ ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ሽቦውንም፣ በቀን የሚለበስበትንም ሰዓት መርምሮ ምንም ግንኙነት አላገኘም። የሚያሠቃየው ልክ ያልሆነ ቁጥር ነው፤ ትከሻ ይቆርጣል፣ ጎን ላይ ሰንበር ያወጣል። ገበያ ላይ ለክቶ መግዛት ስለማይመች ቤት ውስጥ በሜትር ለኩ፦ አንዴ ከጡት ሥር ዙሪያውን፣ አንዴ ጡት በሞላበት ላይ። ሁለቱንም ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሻጩ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ፣ ቀጣዩ ሱቅ እዚያው ጎኑ ነው።