ቡና ባለ ስንት ክክ ነው?

ቡና ባለ ሁለት ክክ ተክል ነው ሲባል፣ በዘጌ ቀይ እሸቱን የፈለፈለ ሰው ፊት ለፊት የተጣበቁት ሁለት ፍሬዎች ክኮቹ ይመስሉታል። አይደሉም። እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ዘሮች ናቸው። ክክ የሚባለው በዘሩ ውስጥ ያለው የፅንስ ቅጠል ነው፤ ቡናው ሲበቅል ጥንድ ሆኖ ይዘረጋል።

ባለ ሁለት ክኩን ተክል ከባለ አንድ ክኩ ለመለየት ግን ለጀማሪ የቅጠል ጅማት ይቀላል። የቡና ጅማቶች እንደ መረብ ተጠላልፈዋል፤ ባለ አንድ ክክ የሆነው የሙዝ ቅጠል ጅማቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም ባለ አንድ ክክ ነው፤ ቅጠሉ ከግርጌ ሽፋን ብዙም ስለማያልፍ በጅማት መለየቱ ያስቸግራል እንጂ።

በጣና ላይ ክብ ቅጠሉን የሚያንሳፍፈው የውኃ አበባስ? ፅንሱ ሁለት ቅጠል ቢኖረውም፣ ዛሬ በዘረ መል የሚመድቡት ተመራማሪዎች ከሁለቱም ወገን ቀድሞ የተለየ የዘር ሐረግ ውስጥ ያስገቡታል።