ጡንቻ በሚገትር ሕመም ላይ የዳሌ ስብራት ሲደረብ

ስቲፍ ፐርሰን ሲንድረም ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለቱን ብቻ የሚይዝ ሕመም ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ሞርሽና ዎልትማን የተባሉ የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፉበት። የጀርባ፣ የሆድና የጭን ጡንቻ ይገተራል። ድንገተኛ ድምፅ፣ ንክኪ ወይም ድንጋጤ ሲመጣ ደግሞ ጭምድድ ይላል። ታማሚው እጁን እንኳ ሳይዘረጋ እንደ ግንድ ይወድቃል። ዳሌ የሚሰበረውም በዚህ ነው።

ጎጃም ውስጥ ሰው ሲሰበር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። የዳሌ ስብራት ግን በቀርከሃ ታስሮ አይድንም። እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረና መቆም ካቃተው አይታሽ። በዚህ ሕመም ላይ ማሸቱ ራሱ ጡንቻውን ይቀሰቅሳል፤ አጥንቱ ይበልጥ ይፈናቀላል። እግሩን ባለበት በትራስ ደግፎ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ማድረስ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ዲያዜፓም ወይም ባክሎፌን የተባሉ ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶችን ይወስዳሉ። ሁለቱም በድንገት ሲቋረጡ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና ከባድ መኮማተር ያመጣሉ። ቤተሰብ በጥድፊያ ሲወጣ መድኃኒቱ ቤት ይቀራል። «ለኦፕራሲዮን ምንም ሳይቀምስ ይደር» ሲባልም ክኒኑ አብሮ ይዘለላል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ እንዴት እንደሚቀጥልም ሐኪሙን ጠይቁ። ፀበል የሚሄድም ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ። ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲፈስበት ሊኮማተር እንደሚችልም አስቀድሞ ይነገር።

ኦፕራሲዮኑ እንደማንኛውም የዳሌ ስብራት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የጭን አጥንታቸው አንገት (ከዳሌ መገጣጠሚያው ሥር ያለው ቀጭኑ ክፍል) ተሰብሮ ከተፈናቀለ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይገባል። ከአንገቱ በታች ከሆነ በብረት ይያዛል። ጡንቻው ካልተረጋጋ ግን የገባው ብረት ሊላላ፣ መገጣጠሚያውም ሊወልቅ ይችላል።

ማደንዘዣው ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባክሎፌን የሚወስድ ሰው በሙሉ ማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ሲነቃ ጡንቻው ለረጅም ሰዓት ዝሎ ሊቆይ፣ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል። ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው ለአንዳንዶች ይሻላል፤ የተገተረ ጀርባ ላይ መርፌ ማስገባት ግን ቀላል አይደለም። ዲያዜፓም ከጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲሰጥም ትንፋሹን መከታተል ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የስኳር ሕመምም ስላለባቸው ስኳራቸው ይለካ።

አስታማሚ በሚበዛበት ክፍል ጸጥታ ከባድ ነው። ቢሆንም ጠያቂ በተራ ይግባ። በሽተኛውን ከመንካት በፊት «ላነሳህ ነው» ይባል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ሲሠራ ከአልጋ ቀስ ብሎ ይነሣ፤ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይደግፈው።