ሲያመን የምንላቸው ቃላት፦ የነርቭና የአእምሮ ጤና አማርኛ በሰሜን ሸዋ

አማርኛ ከራስ ቅል ውስጥ ላለው ነገር አንድ ስም አልበቃውም። አንጎል ይላል፣ ናላ ይላል፣ ጭንቅላት ይላል፣ አእምሮ ይላል። አራቱ ግን አንድ አይደሉም። አንጎል በምርመራ የሚታየው፣ በአዋቂ ሰው 1.4 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው አካል ነው። የናላ ስም የሚነሳው ሲዞር ወይም ሲበጠበጥ ነው። ጭንቅላት ሁለት ሥራ ይዟል፤ በዱላ የሚመታውም፣ ትምህርት የሚገባውም እሱ ነው። አእምሮ ደግሞ ከግዕዙ «አእመረ» የመጣ ነው። ዐወቀ፣ ተረዳ ማለት ነው። የአእምሮ ሕመም ስንል እንግዲህ ታመመ የምንለው ማወቅን ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው በአማራ ክልል ያለውን ሰሜን ሸዋ ነው። ፍቼን ዋና ከተማው ያደረገው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ሌላ ነው። የዚህኛው ማዕከል ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዞኑ ከመንዝ ብርድ ተነስቶ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን የሚሠራ ሐኪም በአንድ ጠዋት ከከተማ ልጅ «ስትረስ አለብኝ» ሲባል ይሰማል። ቀጥለው ከገጠር የመጡ እናት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ይሉታል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሕመም ይዘው ሊሆን ይችላል።

በትምህርት ቤት የምንማራቸው ስሞች አብዛኞቹ ግዕዝ አለባቸው። ሕብለ ሰረሰርን እንውሰድ። «ሐብል» ገመድ ነው። ሰረሰር የጀርባው መሥመር ነው። የጀርባ ገመድ ማለት ነው። ከአንጎል ሥር ተነስቶ በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ይወርዳል። በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከእሱ 31 ጥንድ ነርቮች ወደ ሰውነት ይወጣሉ፤ ከራሱ ከአንጎል ደግሞ 12 ጥንድ። «ነርቭ» የፈረንጅ ቃል ነው፤ ግን ዛሬ ባለቤቱ እኛ ነን። ገጠር ያሉ አዛውንትም ይሉታል። ብዙ ጊዜ ግን ከጅማት ጋር ይምታታል። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዝ ነው። ነርቭ መልእክት የሚያመላልስ ነው።

ሕዝቡ ራሱ ያወጣቸው የበሽታ ስሞች ከመጽሐፉ ስሞች ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ማጅራት ገትር ጥሩ ምሳሌ ነው። ማጅራትን የሚገትር፣ አንገትን የሚያደርቅ ማለት ነው። በሽታው የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሽፋን ብግነት ነው። ሐኪም ከሚፈልጋቸው ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ታማሚው አገጩን ወደ ደረቱ ማውረድ አለመቻሉ ነው። ስሙ ምልክቱን ይዞ ይዞራል። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የተገተረ አንገት አንድ ላይ ከመጡ ነገ ይሻለዋል ተብሎ አይታደርም። መንጋጋ ቆልፍም እንዲሁ ነው። በቁስል የገባ ተሕዋስ የሚያመነጨው መርዝ ነርቭን ሲነካ ጡንቻ ይኮማተራል፤ አፍ አልከፈት ይላል። ለፖሊዮ የተሰጠው ስም የልጅነት ልምሻ ነው። የሰለለችውን እግር በአንድ ቃል ያሳያል።

ለስሜቱ ደግሞ ግሦች አሉን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሀብታችን ያለው እዚህ ነው። ሰው «ነርቭ አለብኝ» ብሎ ቢመጣ ገና ምንም አልተናገረም። ወገቡን ይሁን እግሩን፣ ንዴቱን ይሁን ጭንቀቱን አናውቅም። ግን ይቀጥላል። «ይነዝረኛል» ካለ እንደ ኤሌክትሪክ ድንገት የሚሮጥ ሕመም ነው። «ያቃጥለኛል» እና «ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል» በተለይ የስኳር ሕመም የያዛቸው ሰዎች ስለ እግራቸው የሚሉት ነው። «ይጠዘጥዘኛል» ሌላ ነው፤ «ይቆረጥመኛል» ሌላ ነው። «ደነዘዘኝ» ደግሞ ስሜቱ ራሱ ጠፋ ማለት ነው። እነዚህን በሌላ ቋንቋ ለማስረዳት አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። ካርድ ላይ ሁሉም «ሕመም» ተብለው ሲጻፉ ያሳዝነኛል።

ስለ ነርቭ በሰሜን ሸዋ ሲወራ ጓያን መዝለል አይቻልም። ጓያ በጥቁር ዋልካ አፈር ላይ በቀረው እርጥበት የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። ድርቅ ይችላል፣ ውኃ የተኛበት መሬትም ይችላል። ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ይቀራል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። በውስጡ ያለው መርዛም ንጥረ ነገር፣ ሰው ለወራት ዋና ምግቡ ካደረገው፣ እግርን የሚያዙ የነርቭ ሕዋሳትን ይጎዳል። ሰውየው አንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲነሳ እግሩ ይከብደዋል። ከዚያ ጉልበቱ ይገተራል፣ በጣቱ ጫፍ ይረግጣል፣ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ጭንቅላቱ ግን ደህና ነው፤ ሐሳቡም ንግግሩም አይነካም። የደረሰው ጉዳት አይመለስም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በኢትዮጵያ ይህን ሕመም ካጠኑት ቀደምት የነርቭ ሐኪሞች አንዱ ናቸው። ጉዳቱ ከእንፋሎቱ ወይም ገለባውን ከመርገጥ ይመጣል የሚል እምነት በአገሩ አለ። ትክክል አይደለም። የሚጎዳው መብላቱ ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልና የዘወትር ምግብ አለማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል።

የሚጥል በሽታ ስሙ ቀጥተኛ ነው፤ ይጥላል። በአንጎል ሕዋሳት መሐል የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ለትንሽ ጊዜ ሲታወክ የሚመጣ ነው። ሁልጊዜም አይጥልም። አንዳንዱ ልጅ ለሰከንዶች ፈዝዞ ይቀርና ይመለሳል፤ መምህሩ ልቡ ሌላ ቦታ ነው ይላል። በአገሩ በሽታው ሌላም ስም አለው፤ ከመንፈስና ከልክፍት ጋር የተያያዘ። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት እስካሁን አልቀረም። ክብሪቱ አያነቃውም። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ስለሚያልፍ ነው ክብሪቱ የሠራ የሚመስለው። አረፋውም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ይህን የምለው ረዳት በፍርሃት ሲሸሽ ታማሚው እሳት ላይ ስለሚወድቅ ነው። በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት መውሰድ። ፌኖባርቢታል የተባለውን የዚህ በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ካቆመ ሕመሙ ብሶ ይመጣል።

አሁን ወደ አንድ የሰዋስው ነገር ልምጣ። በአማርኛ በሽታ ሲይዘን አድራጊው በሽታው ነው። አመመኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ አዞረኝ፣ ጣለው። ሰውየው ተቀባይ ነው፤ ነገሩ ደረሰበት። የአእምሮ ሕመም ሲሆን ግን ቋንቋው ይገለበጣል። «አበደ» እንላለን። ሰውየው አድራጊ ሆነ። ከዚያ «እብድ» ይሆናል፤ በሽታው ስሙ ሆነ። ወፈፌ፣ ንክ፣ ጨርቁን የጣለ፣ የለየለት፤ ሁሉም ሰውየውን ነው የሚጠሩት። የጨጓራ ሕመም ያለበትን «ጨጓራ» ብለን አንጠራም። አማኑኤል ሆስፒታልም ከዚህ አላመለጠም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ለአእምሮ ሕመም የቆመ ብቸኛ ሆስፒታል ስለነበር «አማኑኤል ገባ» ማለት አበደ ማለት ሆነ። ሰው መርዳት የሚችለውን ቦታ በስሙ ምክንያት ይሸሻል። «የአእምሮ ሕመም ያዘው»፣ «አእምሮውን አመመው» ቢባል ምን ይጎድላል? ሰዋስዉ ይፈቅዳል።

የመንፈስ ጭንቀትና ሐዘን ደግሞ በአማርኛ ራስ ላይ አይቀመጡም። ሆድና ልብ ናቸው ቤታቸው። ሆዴ ባባ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ልቤ ተሸበረ፣ ቀልቤ ተገፈፈ። ሐኪሙ «ሆዴን» ሲባል ሰምቶ የጨጓራ መድኃኒት ቢያዝ ቃሉን ሰምቷል፤ ሰውየውን አልሰማም። «እማማ፣ እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ድሮ የሚወዱት ነገር አሁን ያስደስትዎታል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ይገልጣል። እንዲህ ያለው ስሜት 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከቆየ፣ ሥራና ምግብንም ካስጠላ፣ ባለሙያዎች ድባቴ ይሉታል። ድብርት የሚለውም ይሠራ ነበር። ከተማው ግን «ደበረኝ»ን ለሰለቸ ፊልምም ለማይወደው ሰውም አዋለው፤ ቃሉ ቀለለ። ድባቴ ክብደቱን ስለያዘ ይሻላል እላለሁ።

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ነው። ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ከዞኑ አልፈው በአገር የታወቁ ናቸው። እዚያ ዛር፣ ዓይነ ጥላ፣ መተት፣ ልክፍት የሚሉት ቃላት የየዕለት ንግግር ናቸው። ሐኪም እነዚህን ሲሰማ ፊቱን ማጥቆር የለበትም። ቤተሰቡ ያየውን በሚያውቀው ቃል ነው የሚነግረው። ብቻውን ያወራል፣ የማይታይ ሰው ያዋየዋል፣ ሌሊት ይጮሃል፤ ይህ ሁሉ ለምርመራ ይጠቅማል። ጸበልተኛው ክኒኑንም ሊውጥ ይችላል። ጉዳት የሚመጣው መድኃኒቱ ሲጣልና ታማሚው ሲታሰር ነው።

ካለፉት ዓመታት ጦርነትና መፈናቀል ወዲህ ደግሞ አንድ የቆየ ቃል በረታ፤ ሰቀቀን። በ2014 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ደብረ ብርሃን ብዙ ተፈናቃይ ተጠልሎባታል። ባለሙያው «ትራውማ» ይላል፤ ስልጠናውም በዚሁ ቃል ይሰጣል። የተፈናቀለች እናት ግን «በር ሲንኳኳ ሰቀቀን ይይዘኛል» ትላለች። ያ በቂ ነው፤ እንዳለችው ካርዷ ላይ ይጻፍ።