ኢ-አማኒ መሪ ምንድን ነው?

ኢ-አማኒ መሪ በእግዚአብሔርም ሆነ በሌላ በማንኛውም አምላክ መኖር የማያምን የአገር መሪ ነው። ትርጉሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ የሚያስቸግረው በአማርኛ ቃሉን ተከትሎ የሚመጣው ስሜት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው የቆየው ቃላችን «ከሃዲ» ነው። ይኸው ቃል ግን ሃይማኖቱን የተወውንም፣ አገሩን ለጠላት የሸጠውንም፣ የቅርብ ወዳጁን አሳልፎ የሰጠውንም በአንድ ስም ይጠራል፤ ስለዚህ «መሪው ከሃዲ ነው» ሲባል የሰማ ሰው ጉዳዩ የእምነት ይሁን የአገር ክህደት ለመለየት ይቸገራል። በዚያ ላይ በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው «እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰውንም የማያፍር» ዳኛ አለ። አባባሉ ግፈኛ ሹምን ለመግለጽ እስካሁን ከአፋችን አልጠፋም፤ አምላክን አለመፍራትና ሰውን መበደልም አንድ መንገድ እንደሆኑ አድርጎ አስለምዶናል። «ኢ-አማኒ» ከዚህ ሁሉ ሸክም ነፃ የሆነ ቃል ነው፤ አለማመንን ይናገራል እንጂ ፍርድ አይጨምርም። እዚህም የምጠቀምበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛው ራሱ የማያምን መሪ ነው፤ ሁለተኛው ዜጎቹ እንዳያምኑ የሚከለክል መንግሥት ነው። የሁለተኛው ጫፍ የታየው በአልባኒያ ነበር። የአገሪቱ ኮሚዩኒስት መሪ ኤንቨር ሆጃ እ.ኤ.አ. በ1967 መስጊዶችን፣ አብያተ ክርስቲያናትንና ገዳማትን ሁሉ አዘጋ፤ በ1976 የወጣው ሕገ መንግሥትም መንግሥት ለማንኛውም ሃይማኖት ዕውቅና እንደማይሰጥ ደነገገ። ስታሊን ግን፣ በልጅነቱ በትብሊሲ የካህናት ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ቢሆንም፣ ነገሩን የያዘው እንደ ሁኔታው ነበር፤ በ1931 በሞስኮ ትልቁን የክርስቶስ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል አስፈርሶ፣ በጦርነቱ መካከል በ1943 ደግሞ ጳጳሳትን ጠርቶ ፓትርያርክ እንዲመርጡ ፈቀደ።

የእኛ አገር አንባቢ ቃሉን ሲሰማ ቀድሞ ትዝ የሚለው ደርግ ነው፤ ትዝታውም ያለ ምክንያት አይደለም። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ እሳቸውና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። ሆኖም ደርግ እንደ ሆጃ እምነትን በአዋጅ አልከለከለም። የሙስሊም በዓላት በብሔራዊ ደረጃ መከበር የጀመሩት በእሱ ዘመን ነው፤ በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የሃይማኖት ነፃነትን በጽሑፍ አስፍሯል። ፓትርያርክ ያስገደለው መንግሥት ለሃይማኖት ነፃነት አንቀጽ መጻፉ፣ አንድን መንግሥት በወረቀቱ ብቻ መመዘን የማይቻል መሆኑን ያሳያል። ሃይማኖትና መንግሥት መለያየታቸው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ጉዳይ ነው፤ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 11 ሁለቱን ቢለያይም፣ ይህ መሪው ያምናል ወይም አያምንም የሚያሰኝ አይደለም።

ሕዝብ በሚመርጥበት አገር የመሪ አለማመን በመጀመሪያ የሚታየው በመሐላው ላይ ነው። ይህን በገዛ አካሉ የቀመሰው ቻርልስ ብራድላው የተባለ እንግሊዛዊ ነው። የአገር መሪ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ዛሬ ያለ መጽሐፍ ቅዱስ ወንበራቸውን የሚይዙ የብሪታንያ ፖለቲከኞች የሚገቡበትን በር ያስከፈተው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 የኖርዝሃምፕተን ከተማ ሕዝብ ሲመርጠው፣ በእግዚአብሔር ስም ከመማል ይልቅ በማረጋገጫ ቃል እንዲገባ ጠየቀ፤ ምክር ቤቱም ከለከለው። እንግዲያውስ እምላለሁ ሲል ደግሞ፣ የማያምንበት መሐላ አያስረውም ተብሎ ከመማልም ታገደ። አልወጣም በማለቱ በምክር ቤቱ የሰዓት ማማ ውስጥ ታሰረ። በ1881 ፖሊሶችና የምክር ቤቱ አስከባሪዎች እየጎተቱ ሲያስወጡት ኮቱ ተቀደደ፤ በ1882 ዘው ብሎ ወደ ጠረጴዛው በመሄድ ከኪሱ አዲስ ኪዳን አውጥቶ ራሱን በራሱ አስማለ። ያም ተቀባይነት አላገኘም፤ መራጮቹ ግን መልሰው መላልሰው መረጡት። በመጨረሻ በ1886 መቀመጫውን ያዘ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ማንም የምክር ቤት አባል ከመሐላ ይልቅ ማረጋገጫ እንዲሰጥ የሚፈቅደውን ሕግ አስወጣ። ምክር ቤቱ የ1880ውን ውሳኔ ከመዝገቡ የሰረዘው በጥር 1891 ብራድላው በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ነበር፤ ዜናውን ሳይሰማ ሞተ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት፤ በማረጋገጫ ቃል ሥልጣን የያዘ ሁሉ ኢ-አማኒ አይደለም። ሥርዓቱ ከብራድላው በፊት የነበረ ሲሆን የተፈቀደውም እንደ ኩዌከሮች ላሉ እጅግ አጥባቂ ክርስቲያኖች ነው፤ እነሱ «ከቶ አትማሉ» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል እንደተጻፈ ይይዛሉና። የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም ፕሬዚዳንቱ «ይምላል ወይም ያረጋግጣል» ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ ፍራንክሊን ፒርስ በ1853 ያረጋገጠው አምላክን ክዶ አይደለም። ያው ሕገ መንግሥት ለሥልጣን የሃይማኖት መመዘኛ እንዳይኖር ይከለክላል፤ ሆኖም አላምንም ብሎ በይፋ የተናገረ ፕሬዚዳንት እስከ ዛሬ አልተመረጠም። የጋሎፕ ድርጅት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ብቁ ለሆነ ኢ-አማኒ ዕጩ ድምፄን እሰጣለሁ ያለው አሜሪካዊ በ1958 ከመቶ 18 ብቻ ነበር፤ በ2020 ወደ 60 ከፍ ብሏል። እዚያ መንገዱን የሚዘጋው ሕጉ ሳይሆን መራጩ ነው።

ከእኛ ባህል ጋር የሚቀራረበው የግሪክ ሁኔታ ነው። በአቴንስ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥራውን የሚጀምረው ሊቀ ጳጳሱ ባሉበት፣ በወንጌል ላይ ምሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የተመረጠው አሌክሲስ ጺፕራስ የማያምን ሰው በመሆኑ፣ በሃይማኖት ሥርዓት ሳይሆን በሲቪል ቃል ሥልጣን የያዘ የመጀመሪያው የግሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ከሥርዓቱ በፊት ያደረገው ነው፤ ወደ ሊቀ ጳጳስ ኢየሮኒሞስ ዘንድ ራሱ ሄዶ፣ በእሳቸው ፊት እንደማይምል በቃሉ ነገራቸው። ሽማግሌ አክብሮ እንደሚያድግ ልጅ ያለ አድራጎት ነው። ከሚኒስትሮቹም በወንጌል ላይ የማሉ ነበሩ፤ ማንም አልከለከላቸውም።

የመሪው አለማመን ከመሐላው አልፎ ፖሊሲውን ምን ያህል ይቀይረዋል? ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ነው። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ጁሊያ ጊላርድ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ያደገች ሴት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥልጣን በያዘች በቀናት ውስጥ በሬዲዮ ጣቢያ በአምላክ ታምኛለሽ ወይ ተብላ ስትጠየቅ አላምንም ብላ መለሰች፣ የማታምንበትን ለይምሰል ማድረግም እንደማትፈልግ ተናገረች። በዚያው ዓመት በትምህርት ቤቶች ለሚያገለግሉ የሃይማኖት አማካሪዎች ፕሮግራም 222 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚመድብ ያስታወቀው የእሷ መንግሥት ነው። በ2012 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ለድምፅ ሲቀርብም ተቃውማ ድምፅ ሰጥታለች፤ ሕጉ በ2017 ሲጸድቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካቶሊኩ ማልኮም ተርንቡል ነበር። የመሪውን እምነት አይቶ ውሳኔውን ለመተንበይ የተነሣ ሰው ሁለቱንም ጊዜ በተሳሳተ ነበር።

አለማመን የሃይማኖትን ጉዳይ ከመያዝም አያግድም። የቻይና ኮሚዩኒስት ፓርቲ አባላቱ ኢ-አማኒ እንዲሆኑ ግዴታ ይጥላል፤ የዚያው አገር የሃይማኖት ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ግን በ2007 ባወጣው ደንብ፣ የቲቤት ቡድሂስት ሊቃውንት ከሞቱ በኋላ ዳግም ተወለዱ ለመባል የመንግሥት ፈቃድ እንዲያስፈልግ አድርጓል። ዳግም መወለድ የለም የሚል ፓርቲ ማን እንደተወለደ ይወስናል ማለት ነው።

በብሪታንያ ያለው ተቃርኖ ከዚህ የለዘበ ነው። በ2024 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኪር ስታርመር በአምላክ እንደማያምን በ2021 በይፋ ተናግሯል፤ ብራድላው ባስወጣው መብት ተጠቅሞም በማረጋገጫ ቃል ወደ ምክር ቤት ገብቷል። የአገሪቱ ሥርዓት ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳትን ስም ለንጉሡ የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲሆን ያዛል። በ1829 እና በ1858 የወጡ ሁለት ሕጎች፣ ካቶሊክ ወይም አይሁዳዊ የሆነ ሰው ዘውዱን በዚህ ሹመት እንዳያማክር ይከለክላሉ፤ ሕግ አውጪዎቹ ምንም የማያምን ሰው በዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል ብለው ስላልገመቱ ስለ እሱ ያሉት ነገር የለም። ስለዚህ በጥቅምት 2025 ሣራ ሙላሊ የመጀመሪያዋ ሴት የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆና ስትመረጥ፣ ስሟን ከቤተ ክርስቲያኒቱ መራጭ ጉባኤ ተቀብሎ ለንጉሥ ቻርልስ ያቀረበው ስታርመር ነው፤ ሕጉም አልከለከለውም።