የድድ በሽታ ምንድን ነው? አጥንቱን የሚበላውስ ማን ነው?

ጠዋት ጥርሳችሁን ስትቦርሹ የተፋችሁት ውሃ ቀላ ብሎ መታጠቢያው ላይ ሲወርድ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ የደማውን ቦታ መቦረሽ ይተዋል። "ብሩሹ ጠነከረብኝ" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብሩሹ ጥፋት የለበትም። ድዱ ቀድሞውኑ ተቆጥቷል። ያስቆጣው ደግሞ የገዛ ሰውነታችን መከላከያ ነው።

ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጠባብ ክፍተት አለች። ጤነኛ ድድ ላይ ጥልቀቷ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ባክቴሪያዎች እዚያ ተጣብቀው ይሰፍራሉ። በጥፍራችሁ ስትፍቁት የሚወጣው ነጣ ያለ ለስላሳ ነገር የእነሱ ሰፈር ነው፤ ፕላክ ይባላል። ሰውነት ይህን አይቶ ዝም አይልም። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ፤ ኒውትሮፊል የሚባሉት ከፊት ይሰለፋሉ። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። ይህ ጂንጂቫይተስ ነው፤ ከዚህ መመለስ ይቻላል። በ1965 ሃራልድ ሎ የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 12 ጤነኛ ሰዎችን ጥርስ መቦረሽ አስቆመ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። መቦረሽ ሲጀምሩ ዳነ።

ፕላኩ ሳይነሳ ሲቆይስ? በአንዳንድ ሰው ላይ ነገሩ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። ድሮ ጠላት ሊመልስ የመጣ ጦር ሰንብቶ የባላገሩን ጎተራ ያራግፍ ነበር። ድድ ውስጥ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። መከላከያ ሴሎቹ ባክቴሪያውን ለመግደል የሚረጩት ኢንዛይም ድዱን ከጥርስ ጋር ያሰረውን ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር ይበጣጥሳል። የሚላላኩባቸው ኬሚካሎች ደግሞ አጥንት የሚያሟሙትን ሴሎች፣ ኦስቲዮክላስቶችን፣ ይቀሰቅሳሉ። ጥርሱን የያዘው አጥንት እየሸሸ ይሄዳል፣ ክፍተቷ ኪስ ትሆናለች፣ በመጨረሻ ጥርሱ መነቃነቅ ይጀምራል። ይህ ፔሪዮዶንታይተስ ነው። ነገሩን የሚጀምሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አብዛኛው ጥፋት ግን የሚደርሰው በራስ ጦር ነው።

ለዚህ እኔን ያሳመነኝ ስሪላንካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ነው። ሎ እና ባልደረቦቹ ከ1970 ጀምሮ 480 የሻይ እርሻ ሠራተኞችን ለ15 ዓመታት ተከታተሉ። ሰዎቹ ጥርስ የመቦረሽ ልማድ አልነበራቸውም። የሁሉም ጥርስ በፕላክ ተሸፍኖ ነበር፣ የሁሉም ድድ ተቆጥቶ ነበር። ሆኖም 8 በመቶ ያህሉ ጥርሳቸውን በፍጥነት ሲያጡ፣ 11 በመቶ ያህሉ ከድድ መቆጣት አላለፉም። ቆሻሻው ያው፣ ውጤቱ የትና የት። ልዩነቱን በቆሻሻው ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ የየሰውየው ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ አለበት።

"እንግዲያው መከላከያው ቢዳከም ይሻላል?" እንዳትሉ። ኒውትሮፊሎቻቸው ከደም ሥር መውጣት የማይችሉ ሕፃናት አሉ፤ በዘር የሚመጣ ብርቅ በሽታ ነው። ጥርሳቸውን ገና በልጅነት ያጣሉ። ስኳር በሽታ ደግሞ በሁለት በኩል ይጎዳል፦ ስኳሩ ከፍ ሲል ድዱ ይብሳል፣ የተቆጣ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሲጋራ ዘዴኛ ነው። ድዱ ደም እንዳያሳይ ያደርጋል፣ አጫሹም "ድዴ ሰላም ነው" እያለ አጥንቱ ያልቃል።

ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልቶ "ኢሚዩኒቲ ማጠናከር" ለዚህ መድኃኒት አይመስለኝም። ጦሩ አላነሰም፤ ጦሩን የሚያስቆጣው ፕላክ ነው መነሳት ያለበት። ለዚያ ብሩሽ አለ፣ መፋቂያም በደንብ ከተፋቀበት ይሠራል። ወደ ድንጋይነት የተለወጠውን ፕላክ ግን ጥርስ እጥበት እንጂ ሌላ አያነሳውም። "ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል" የሚባለውንም ብዙ ሰምቻለሁ። አጥንቱ ቀድሞ ሄዷል፤ ጥርሱን ደግፎ የያዘው ድንጋይ ሲነሳ ነው መነቃነቁ የሚታወቀው።

የእኛ ሰው ድድ ብዙ ጊዜ ጠቆር ይላል፣ የተነቀሰም አለ፤ መቅላቱ ቶሎ አይታይም። ስለዚህ ቀለሙን ሳይሆን ደሙን እዩ። ሐኪሙ ሚሊሜትር የተጻፈበት ቀጭን ብረት በየጥርሱ ሥር እያስገባ "ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት" ሲል ከሰማችሁ፣ አምስት ያለው የትኛው ጥርስ ጋ እንደሆነ ጠይቁት።