በጎጃም የነጋዴና የበጎ ፈቃደኛ እገዛ አሠራር

ጎጃም ዓባይ ከምሥራቅ፣ ከደቡብና ከምዕራብ ዞሮ የሚያቅፈው ምድር ነው። ከጮቄ ተራራ ብዙ ወንዞች ይወርዳሉ፤ ሆኖም ውሃ የሚትረፈረፍበት ወርና ውሃ የሚቸግርበት ወር ለየቅል ናቸው። ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ ገበያተኛውን ከገበያ፣ ምጥ የያዛትን እናት ከጤና ጣቢያ ይለያል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ ደግሞ እዚያው ቀበሌ ውስጥ እናቶች ለአንድ ጀሪካን ውሃ ሌሊት ወረፋ ይይዛሉ። የመንግሥት በጀት ለሁሉም ጎጥ በአንድ ጊዜ አይደርስም። የከተማ ነጋዴው፣ የገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውና የባለሙያው እገዛ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እገዛው ፍሬ የሚያፈራውም ሆነ ባክኖ የሚቀረው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ገንዘቡን ማን እንደያዘው፣ ሥራው በየትኛው ወር እንደተጀመረና ከሦስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚጠግነው ነው።

ነባሩ መሠረት

የጎጃም ገበሬ ተባብሮ መሥራትን ከማንም አልተማረም። በደቦ አንድ ሰው ጎረቤቶቹን ለአጨዳ፣ ለውቂያ ወይም ለቤት ሥራ ይጠራል፤ አብልቶና አጠጥቶ ይሸኛቸዋል እንጂ ቀን በቀን ብድር አይመልስም። ወንፈል ግን ተራ ነው፤ ዛሬ ለእኔ የዋልህልኝን ነገ እውልልሃለሁ። ይህን ልዩነት የማያውቅ አስተባባሪ ይሳሳታል። ምንጭ ለማጎልበት ወይም መንገድ ለመጥረግ ሰው ሲጠራ ሥራው በሕዝቡ ዐይን ደቦ ነው፤ ስለዚህ እንጀራው፣ ቆሎውና ጠላው በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። ሃምሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ድንጋይ አሸክሞ በባዶ አፉ መሸኘት ነውር ነው፤ በማግስቱም የሚመጣው ሰው ከግማሽ በታች ይሆናል። ብዙ ጊዜ የአንድ ነጋዴ ምርጥ አስተዋጽኦ ሲሚንቶ ሳይሆን ለዚያ ሳምንት የሚበቃ እህል ነው።

ሌላው መሠረት እድር ነው። እድር የአባወራዎች መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው፤ ሰው በአንድ ጥሪ ይሰበስባል። እርዳታ ለማከፋፈል የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእድሩን ዝርዝር ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያቃተው ከእድር ይወጣል። መበለቷ፣ መሬት የሌለው ወጣት፣ ከሌላ ወረዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ከመዝገቡ ላይ አይገኙም፤ የእርዳታው ዋና ባለጉዳዮች ግን እነሱ ናቸው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ዝርዝሩን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጋር ማመሳከር ይበጃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስለምትሄድ ማን ከማን ጋር እንደተጠጋ ታውቃለች፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ የትኛው ልጅ ለምን ከትምህርት እንደቀረ ያውቃል።

ወሩና ቀኑ

ከሰኔ እስከ መስከረም ገበሬው በእርሻ፣ በዘርና በአረም ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው። ጉልበት የሚገኘው ከጥር እስከ ሚያዝያ ሲሆን፣ የእርከንና የክትር (የአፈርና የውሃ ጥበቃ) ዘመቻም በዚሁ ወቅት ይካሄዳል። ስለዚህ ሌላ ሥራ ያሰበ ሰው ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ቀን ካልተነጋገረ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጉልበት ላይ ይጣላሉ። ከወሩ ውስጥም ቅዳሜና እሑድ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ እንደየደብሩም ሌሎች በዓላት ይከበራሉ፤ በነዚህ ቀናት አካፋ የሚያነሳ ሰው አይገኝም። በአንጻሩ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰበው ያኔ ስለሆነ ለስብሰባ፣ ለምዝገባና ለጤና ትምህርት ከበዓል ቀን የተሻለ የለም። ዐቢይ ጾም ከገባ ደግሞ ሠራተኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይቀምስ ከባዱን ሥራ በማለዳ ጀምሮ ከእኩለ ቀን በፊት ማቆም ግድ ነው።

ምንጭ ማጎልበት

በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው የሚጠቅም ሥራ ቢኖር ምንጭ ማጎልበት ነው። ሥራው የሚጀምረው በመለካት ነው፤ የሚለካውም በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ፣ ውሃው እጅግ በቀነሰበት ጊዜ ነው። በጥቅምት የተለካ ምንጭ ያታልላል። ውሃውን በቦይ ሰብስቦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ሦስት ጊዜ መያዝ በቂ ነው። በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል፤ በቀንና ሌሊት 43,200 ሊትር ማለት ነው። ለገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር ቢታሰብ ለ1,728 ሰው ይበቃል። ግን ሰው ሌሊቱን ሙሉ አይቀዳም። ማጠራቀሚያ ካልተሠራና የሚቀዳው በቀን ለ10 ሰዓት ብቻ ከሆነ የሚገኘው 18,000 ሊትር፣ የሚዳረሰውም 720 ሰው ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ነጋዴ ማጠራቀሚያው ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ይህን ስሌት ሲያይ ነው።

ቁፋሮው የምንጩን ዐይን ተከትሎ ውሃ ወደማያሳልፈው ጥብቅ አፈር ወይም ዐለት ይወርዳል። ከዐይኑ ፊት ለፊት የድንጋይ ግድግዳ ይገነባል። ከግድግዳው ጀርባ መጀመሪያ ከጡጫ የሚበልጥ የታጠበ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከላይ ሻካራ አሸዋ ይደረደራል። በዚያ ላይ ሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይከደናል፤ የክረምት ጎርፍ እንዳይሰርግ የሚከላከለው እሱ ነው። ለግንቡ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ፣ ውሃ ለሚነካው ልስን አንድ ለሦስት ይበቃል። ለአንድ ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ከረጢት ይፈጃል። ግንቡ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። በየካቲት ፀሐይ ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ልስን ይሰነጠቃል፤ ምንጭ አጠገብ ቆሞ ግንብን ውሃ መንፈግ የሚያስቆጭ ጥፋት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ውሃውን ከፍ አድርጎ ለመያዝ ሲባል መውጫ ቱቦውን ከምንጩ የተፈጥሮ ዐይን በላይ መትከል ነው። ውሃው ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ግንቡ በተመረቀ በዓመቱ ምንጩ ከሃምሳ እርምጃ በታች በሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ይፈልቃል። ቱቦው ሁልጊዜ ከዐይኑ ዝቅ ይላል፤ ትርፉን የሚያወጣ ሁለተኛ ቱቦም በወንፊት ተሸፍኖ ይገባል።

ከምንጩ በላይ በኩል ወደ 10 ሜትር ርቆ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ይታጠራል፤ ሽንት ቤት ከ30 ሜትር ባነሰ ርቀትም ሆነ ከላይ በኩል መኖር የለበትም። ባሕር ዛፍም ከምንጩ አካባቢ መራቅ አለበት፤ ሥሩ ውሃውን ይስባል። ከታች በኩል የልብስ ማጠቢያና የከብት መጠጫ ገንዳ የግድ ናቸው። ገንዳ ካልተሠራለት እረኛ አጥሩን ያፈርሳል፤ ቢወቀስም ትክክል አይሆንም፣ ከብቶቹ ተጠምተዋልና። ሥራው ሲያልቅ ማጠራቀሚያው በክሎሪን ይታጠባል። ከ65 እስከ 70 በመቶ ክሎሪን ያለው ዱቄት ከሆነ ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 75 ግራም ገደማ ተበጥብጦ ገብቶ ያድራል፤ በማግስቱ ሽታው እስኪጠፋ ይለቀቃል። እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይጠጣ አንድ ሰው ቆሞ መጠበቅ አለበት።

ገንዘቡ በማን እጅ

በአማራ ክልል ስለዚህ ጉዳይ ረጅም ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው በፊንላንድ የሚደገፍ የገጠር ውሃ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የግንባታውን ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለውሃ ኮሚቴዎች ማስተላለፍ ጀመረ። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው፣ ሒሳቡን ለሕዝብ የሚያነበው ኮሚቴው ራሱ ሆነ። ይህ አሠራር ለግል ለጋሾችም ይሠራል። ሴቶች በቁጥር ብቻ ሳይሆን በገንዘብ ያዥነት የሚገቡበት ከ5 እስከ 7 አባል ያለው ኮሚቴ ይመረጣል፤ ከአንድ በላይ ፊርማ የሚጠይቅ የባንክ ደብተር ይከፈታል። ነጋዴው ገንዘቡን በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይለቃል፤ ሁለተኛው ዙር የሚወጣው የመጀመሪያው ደረሰኝ በሕዝብ ፊት ከተነበበ በኋላ ነው። ነዋሪውም ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጉልበትና ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ያዋጣል። ያላዋጣበትን ነገር ሰው «የእገሌ ምንጭ» ብሎ ይጠራዋል፤ ሲበላሽም እገሌን ይጠብቃል።

መሻገሪያ

ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚወስደው ጥንታዊ መንገድ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከሉን ሰበሩት፤ ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት ሰው በገመድ ታስሮ ከወዲህና ከወዲያ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ነጋዴ የዚህን ፎቶግራፍ በመጽሔት አይቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ድልድይ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከበጎ ፈቃደኞችና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የተሰበረውን ክፍል በብረት አገናኙት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በኋላ የተሠራው ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ነው።

በየወረዳው ለሚሠሩት ትንንሽ መሻገሪያዎች ከዚህ የሚወሰደው ነገር አንድ ነው፤ የድልድይ ከፍታ የሚወሰነው ወንዙ በዘንድሮው ክረምት በደረሰበት ሳይሆን ሽማግሌዎች በሚያስታውሱት ትልቁ ሙላት ነው። ሁለትና ሦስት አረጋውያን ለየብቻ ወስዶ ምልክቱን በጣታቸው እንዲያሳዩ ማድረግ ያስፈልጋል። የባሕር ዛፍ ግንድ የሚጋደምበት መሻገሪያም ቢሆን ግንዱ አፈር ላይ ካረፈ ጫፉን ምስጥ ይበላዋል፤ በድንጋይ ግንብ ላይ ማሳረፍ ዕድሜውን ያረዝማል። የብረት ገመድ የሚያስፈልገው ሥራ ግን ያለ መሐንዲስ አይነካም፤ በጎ ፈቃድ ስሌትን አይተካም።

እግር

በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ደጋ ብዙ ሰው ዝሆኔ አለበት። ይህ ዝሆኔ በትንኝ የሚመጣው ዓይነት አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በቆዳ ገብቶ እግርን ያሳብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ለበሽታው የተጋለጠ ቤተሰብ መኖሩ እውነት ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዘወትር ጫማ የሚያደርግ ሰው ግን ከበሽታው ይጠበቃል። ይህ ባለመታወቁ ሰው ከጋብቻ ይከለከላል፣ ከእድር ድግስ ይርቃል፣ ልጅም ትምህርት ይተዋል።

በአነደድ ወረዳ ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ቀላል የእግር እንክብካቤ የሚያተኩሰውንና ከአልጋ የሚጥለውን ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንክብካቤው በየቀኑ እግርን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በጨርቅ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። እግር በሚዘፈዘፍበት ውሃ ውስጥ የሚገባው የበረኪና መጠን በጤና ባለሙያ ይነገራል፤ ከበዛ ቁስሉን ያቃጥላል።

እዚህ ላይ የጫማ ነጋዴና የጫማ ሰፊ ድርሻ ትልቅ ነው። ከገበያ የተገዛ ጫማ በጅምላ ማደል ለጤነኛ ሕፃናት መከላከያ ይሆናል፣ ሕመምተኛውን ግን አይረዳውም፤ ያበጠ እግር አይገባበትም። በልክ የሚሰፋ፣ አፉ ሰፊ፣ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጫማ ያስፈልገዋል። ልኩ የሚወሰደው ከጥቂት ሳምንታት እንክብካቤ በኋላ ነው፤ እብጠቱ ስለሚጎድል ቀድሞ የተሠራው ጫማ በኋላ ከልኩ በላይ ይሆንበታል። የሳሙና ነጋዴ ለአንድ ዓመት የሚሆን አቅርቦት ቃል ቢገባ ከአንድ ቀን ትልቅ ስጦታ ይበልጣል። የሚያጥቡት በጎ ፈቃደኞች ቀድመው የተሻላቸው ሕሙማን ቢሆኑ ደግሞ የሚያፍር ሰው ይቀርባቸዋል። ሰው እግሩን ለሌላ ሰው የሚገልጠው ከባድ ነገር አልፎ ነው፤ ፎቶግራፍ አንስቶ መለጠፍ ያን መተማመን ያፈርሰዋል፣ መደረግም የለበትም።

ደረሰኝ፣ ጣሪያና መለዋወጫ

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለተፈቀደላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ወይም ለመንግሥት የአደጋ ጊዜ ጥሪ የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀነስ ፈቅዷል። በእጅ ለጎጥ ሽማግሌ የተሰጠ ሲሚንቶ ግን ደረሰኝ የለውም፤ ነጋዴው ቅናሹን ከፈለገ አስቀድሞ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅና በሕጋዊ ድርጅት በኩል መስጠት ይኖርበታል።

በክረምት ወጣቶች የሚያድሱት የአረጋውያን ቤት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ይለገሳል፣ ሚስማሩ ያለ ጎማ ይመታል፣ ቤቱም በመጀመሪያው ዝናብ ያፈሳል። የጭቃው ምርጊትም ቢሆን በሐምሌ አይደርቅም፤ ቢቻል በግንቦት ማለቅ አለበት። ደብተርና እስክሪብቶ በነሐሴ ተገዝቶ ከምዝገባ በፊት መድረስ ይገባዋል፤ በጥቅምት ሲደርስ የቀረው ልጅ እንደቀረ ነው።

የእጅ ፓምፕ ያለበት ጉድጓድ ሲቆም ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ውስጡ ያለች ትንሽ ጎማ ናት። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ግን የወረዳው ከተማ ሱቆች አይይዟትም፣ ኮሚቴውም እስከ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ይልካል። አንድ የዕቃ መለዋወጫ ነጋዴ በየዓመቱ ጥቂት ጎማዎች፣ ዘንግና ማያያዣ በተመጣጣኝ ዋጋ በመደብሩ ቢያስቀምጥ፣ ከየቀበሌው አንድ ወጣትም ፓምፕ ፈትቶ መግጠም ቢሠለጥን፣ ለወራት የሚቆመው ጉድጓድ በሁለት ቀን ውስጥ ይመለሳል።